ጎቦ ስራውን ማን ይጠብቀዋል?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለባለቤቴ ለዘሃራ መሳቂያ ሆኛለሁ። እንግዳ ሲመጣብን ከሰላምታው በፊት ዓይኔ ጫማው ላይ ነው። ሸበጥ ያደረገ ከሆነ «ውሃ ይዘሃል?» ልለው ምንም አይቀረኝ። ከዓይደር ወደ መሐል ከተማ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንዱ ባዶ ሃይላንድ በመስኮት ሊወረውር ሲያነሣ እጄ ሳላዘው ይዘረጋል፤ ረዳቱ ደግሞ ወራጅ መስዬው «አባባ፣ እዚህ ነው?» ይለኛል። ዘሃራ፣ «ሰይዶ፣ መሥሪያ ቤቱ አሰናብቶሃል፤ ጎቦው ግን ገና አላሰናበተህም» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ጎቦው የምትለው ጎቦ ስራውን ነው። ጎቦ በትግርኛ ኮረብታ ነው፤ ስራው ደግሞ በደረቅ አገር የሚበቅል አጭር እሾኻም ግራር። ከመቐለ ወጣ ብሎ በኲሓ በኩል ይገኛል፤ አናቱ ላይ ለቆመ ሰው ከአሉላ አባ ነጋ አየር ማረፊያ የሚነሣው አውሮፕላን ሆዱ ይታየዋል። ምንጭ የለው፣ ወንዝ የለው። ክረምቱ ከወጣ በኋላ እስከሚቀጥለው ክረምት ዝናብ የሚባል ነገር እምብዛም አያውቅም። ድንጋዩ ከረፋድ ጀምሮ ይፋጃል፤ ከሰዓት በኋላ ከአፋር በኩል የሚመጣው ነፋስ አቧራውን አንሥቶ ዓይን ያጠፋል። እንዲህ ያለ ቦታ ሰው ምን ቀረብኝ ብሎ ይመጣል ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንዲያ ብዬ ነበር። ሰው ግን ይመጣል። ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ፣ ተማሪዎች ሊያጠኑ፣ ሐኪሞች ከአዳር ሥራ ወጥተው ሊተነፍሱ፣ ቤተሰብ እሑድ ከሰዓት ልጆቹን ሊያንሸራሽር ይመጣል። ከተማው ሁሉ ከእግር በታች ሲዘረጋ ማየት የሰውን ልብ ያሰፋል መሰለኝ።

እኔ ከወሎ ወደ መቐለ የመጣሁት እንደ ብዙዎቹ ያገሬ ልጆች ጉልበቴን ይዤ ነው። ሓድነት በሚባለው ሰፈር ቤት በተሠራበት ሁሉ ድንጋይ ተሸክሜያለሁ፣ ሲሚንቶ አቡክቻለሁ። ትግርኛዬ ያኔ ከ«ከመይ ሓዲርካ» ሰላምታ አያልፍም ነበር። አንድ ቀን አሠሪያችን፣ ጎቦ ስራው ላይ በረኛ ይፈለጋል ብሎ ነገረኝ። ደመወዙ ትንሽ፣ የቅጥሩ ወረቀት ብዙ ነበር፤ እሱን ልለፈው። በረኛ ሲሉኝ ዱላ የግድ ነው ብዬ ወፍራም ሽመል ገዝቼ ሥራ ገባሁ።

በሩ ላይ የተቀበሉኝ አደይ ለታይ ነበሩ። አደይ እናቴ ማለት ነው፤ ትልቅ ሴት ሁሉ እንዲያ ትጠራለች። የጎቦው በጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ ናቸው። አጭርና ቀጭን፣ ፀሐይ ያከሰላቸው ሴት። ሽመሌን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ዝወደይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይህ ለምንድን ነው?»

«ለጥበቃ ነው፣ አደይ።»

«ከማን?»

ሽመሉን ከእጄ ወሰዱና ነፋስ ያጎበጠውን አንድ የወይራ ችግኝ ደገፉበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያ ቦታ ዱላ ይዤ አላውቅም።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ያስተማሩኝም ሲሠሩ በማየት ነው። መጀመሪያ ሰላምታ ነበር፤ ያውም ሙሉ ሰላምታ። አንድ ሰው ለጋዎቹ ችግኞች መሐል ገብቶ ቆሞ እንኳ ቢያገኙት፣ «ከመይ ውዒልካ፣ ደሓን ዶ፣ ቤተሰብ ደሓን ዶ» ብለው ጨርሰው ነው ወደ ነገሩ የሚገቡት። እኔ ችግኙ እየተረገጠ ሰላምታው ሲረዝምብኝ ልቤ ይቃጠል ነበር። ሰውዬው ግን የእናቱን ጤንነት ተጠይቆ ሲያበቃ እግሩን በራሱ ጊዜ ያነሣል። ሌላው ልማዳቸው ቆሻሻ ነው። የበለስ ልጣጭ ወይ ፌስታል ተጥሎ ካዩ የጣለውን ሰው አይጠቁሙም፤ አጠገቡ ሄደው ግማሹን ያነሡና ግማሹን ትተው ቀና ብለው ያዩታል። ቀሪውን ሳያነሣ የቀረ ሰው አላየሁም።

ዋናው ግን ድንጋዩ ነው። ጎቦው ቀጥ ያለ ስለሆነ ክረምት ሲገባ ውሃው አፈሩን ጠርጎ እንዳይወስድ ዳገቱ በየደረጃው የድንጋይ ካብ ይካብለታል። ሸለቆው ላይ ደግሞ ክትር ይሠራል፤ ክትር የጎርፉን ጉልበት የሚሰብር፣ ውሃውን እያሳለፈ አፈሩን የሚያስቀር ወፍራም ካብ ነው። ይህን ሁሉ ድንጋይ ወደ ላይ የሚያወጣ ሠራተኛ አልነበረንም። አደይ ለታይ መላ ዘየዱ። በሩ አጠገብ ድንጋይ ይከመራል፤ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚችላትን አንዲት ድንጋይ ይዞ ይወጣል። መግቢያ ክፍያው ይኸው ነበር። ሙሽራ በነጭ ቀሚሷ ጡጫ የምታህል ድንጋይ ይዛ ስትወጣ፣ ሚዜዎቹ ደግሞ ከሙሽራው እንበልጣለን ብለው ጭንቅላት የሚያህል ተሸክመው መንገድ ላይ ሲያለከልኩ አይቼ ስንቴ ስቄያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጎ ፈቃደኞቹ ይመጡና የተጠራቀመውን ይክቡታል።

ድንጋይ የማይሰጡት ሰውም ነበር። አንዳንዱ ብቻውን ይመጣል፤ ሰላምታውን እንደነገሩ ይመልስና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይቆማል። ለእንዲህ ያለው፣ «ሂድ ዝወደይ፣ መንገዱ ክፍት ነው» ብለው ያሳልፉታል። አንድ ጊዜ ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሱ ይዞ ነው የመጣው» አሉኝ።

ካብ መካብ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ድንጋይ በመሸከም ካደግሁ ምን ይቀረኛል ብዬ ነበር፤ ለካ ተሸካሚና ካቢ ለየቅል ነው። ድንጋይ ፊትና ጀርባ አለው። ረጅሙ ወገን ወደ ዳገቱ ይገባል፤ አጭሩ ፊት ወደ ውጭ ያያል። ያልተማረ ሰው ግድግዳው እንዲያምርለት ረጅሙን ወደ ውጭ ያደርገዋል፤ ያ ካብ ከአንድ ክረምት አያልፍም። የታችኛውን መጋጠሚያ የላይኛው ድንጋይ ይሸፍነዋል። ጀርባው በጠጠር ይሞላል፤ ሲጨርሱ ላዩ ላይ ይቆሙበታል፤ ከተነቃነቀ ፈርሶ እንደገና ይካባል። አደይ ለታይ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ካቡ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲራመዱ፣ ከታች እኛ ትንፋሻችንን ይዘን እናያቸዋለን። ሲወርዱ «ጽቡቕ»፣ ጥሩ ነው፣ ካሉ ቀኑ በዓል ነው።

አንድ እምነት ነበራቸው። ጎቦውን የሚያስተዳድረው ቢሮ ኃላፊ አቶ ተክላይ፣ ደግ ግን ስጉ ሰው፣ በመጡ ቁጥር ጎቦው በሽቦ ታጥሮ ለሰው ይዘጋ ይላሉ። ዛፉም ሣሩም የሚያገግመው እንደዚያ ነው ባይ ናቸው። አደይ ለታይ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበራቸው። «ሰው የማይገባበትን ቦታ ሰው አይጠብቀውም። ሽቦውን ማን ይጠብቀዋል?» ይህን ቃል አብሬያቸው በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ሰምቼዋለሁ።

አሁን ወደ ክፉው ክረምት ልምጣ። በዚያ ዓመት በጋ ድንጋይ የሚያመጣልን መኪና ቀረ። በሩ ላይ ያለው ክምር እየመነመነ ሄዶ አለቀ። ጎብኚው ግን ለምዶታል፤ «ድንጋያችንስ?» ይላል። እኛም፣ አደይ ለታይም እኔም፣ «መንገድ ላይ ያገኛችኋትን አንሡ» ማለት ጀመርን። ሰውም እያነሣ ወጣ። ላይኛው ክትር ከዓመት ዓመት ያልታየ ዕድገት አደገ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ አቶ ተክላይ እንኳ መጥተው አመስግነውናል።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። እኔ በሩ አጠገብ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ነበርሁ። መጀመሪያ ድምፁን ሰማሁ፤ ከባድ መኪና ጠጠር ሲደፋ የሚሰማ ዓይነት። ስወጣ የታችኛው ካብ፣ ያ ከሁሉ በፊት የተሠራው፣ የጎቦው መሠረት የምንለው፣ መሐሉ ተከፍቶ ጭቃ ይተፋል። የሁለት ዓመት ችግኝ መንገዱን ይዞ ወረደ። ጭቃው ከጎቦው ሥር ካሉት ቤቶች የአንዱን ግቢ ሞልቶ የሁለት ፍየሎች ነፍስ አጠፋ። ሰው አልተጎዳም፤ አልሐምዱ ሊላህ።

በነጋታው አደይ ለታይ የፈረሰውን ካብ ዞረው ዞረው አዩና አንድም ቃል ሳይናገሩ ወደ ላይ ወጡ። ተከተልኋቸው። ላይኛው ክትር ጋ ስንደርስ ቆሙ። የጎቦው አናት ድንጋይም፣ መኪናው በር ላይ ይደፋልን የነበረውም ነጭ ነው፤ የታችኛው ካብ ብቻ ከኲሓ በኩል በመጣ ጥቁር ድንጋይ የተካበ ነበር። ያ ሁሉ የኮራንበት ክትር ከላይ እስከ ታች በጥቁር ድንጋይ ተዥጎርጉሯል። ሰው «መንገድ ላይ ያገኛችኋትን» ስንለው፣ ለእጅ የቀረበችውን፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ከታችኛው ካብ ጀርባ እየመዘዘ ሲወጣ ከርሟል። እያንዳንዱ የወሰደው አንዲት ብቻ ናት። እኔም ጥቁሯን ድንጋይ ከእጁ ተቀብዬ «የቐንየለይ» እያልሁ ሳመሰግን ከርሜያለሁ።

አደይ ለታይ መሬት ላይ ተቀመጡ። «በፍቅር አፈረሱት» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

አቶ ተክላይ ለመቆጣት እንኳ አልፈለጉም። «አደይ፣ አሁንስ ይብቃ። ክረምቱ ሳይወጣ ካቡ ካልተመለሰ ጎቦው ይዘጋል» ብለው ሄዱ። እኛም ሥራ ጀመርን፤ ግን ከጎቦው አልጀመርንም። አደይ ለታይ በጎ ፈቃደኞቹን ሰብስበው መጀመሪያ ወደዚያ ጭቃ ወደ ገባበት ግቢ ወሰዱን። ጭቃውን ጠርገን ሳንጨርስ አንድም ድንጋይ አላስነኩንም። ፍየሎቹንም ከየኪሳችን አዋጥተን ተካን። ከዚያ በሩ ላይ ቆሙና ለመጣው ሁሉ እውነቱን ነገሩት። «የራሳችንን መሠረት በልተናል። ዛሬ ወደ ላይ ባዶ እጃችሁን ውጡ፤ ስትወርዱ ጥቁር ድንጋይ ይዛችሁ ውረዱ።»

ሰው አፍሮ ይቀራል ብዬ ነበር። አልቀረም። በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ካፊያ፣ አንዱ ሌላውን እየጠራ መጣ። ድንጋይ ይዞ ዳገት መውረድ ከመውጣቱ ይከፋል፤ ጉልበት ይፈትናል። ሕጻን ያዘለች እናት አንዲት ጠጠር ይዛ ወርዳ «ይህችም ጥቁር ናት» ስትለን አደይ ለታይ ግንባሯን ሳሟት። አደይ አበባ ሲፈነዳ ካቡ ቆሞ ነበር። አደይ ለታይም ወጥተው ተራመዱበት። አቶ ተክላይ ከዚያ በኋላ ስለ ሽቦ አላነሡም።

አደይ ለታይ ጡረታ ሲወጡ ቦታቸውን ለኔ አስረከቡኝ። አንድ የወሎ ልጅ የጎቦ ስራው አስተባባሪ ሆነ ብለው ያገሬ ሰዎች ቀልደውብኛል፤ «ሰይድ ድንጋይ ተሸካሚ ነበር፣ አሁን አሸካሚ ሆነ» አሉ። ደስ ብሎኝ ሠራሁ። ብዙ ዓመት ደግ ነበር።

ከዚያ ሁላችንም የምናውቀው ያ ክፉ ጊዜ መጣ። መብራት የለም፣ ባንክ ዝግ ነው፣ ደመወዝ የለም። የሚበሰል ነገር ቢገኝ እንኳ የሚበስልበት ጠፋ። ሰው ዓይኑን ወደ ጎቦው አዞረ። መጀመሪያ የደረቀ ቅርንጫፍ ለቀሙ፣ ኋላ ምሳር መጣ። የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ ያን ጊዜ ግን የሚልሰውም እያለቀሰ ነበር። ከበጎ ፈቃደኞቼ ብዙዎቹ የሉም፤ የቀሩትም እንደኔ የራሳቸውን ጉሮሮ የሚያስቡ ናቸው።

አንድ ማለዳ አንዲት ሴት ትልቁን የስራው ግራር ከሥሩ ስትመታ አገኘኋት። ብርኽቲ ትባላለች፤ ጭቃ ከገባበት ግቢ ሁለት ቤት አልፋ ነው የምትኖረው። ስታየኝ ምሳሩን አላስቀመጠችም።

«ኣያ ሰይድ» አለችኝ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። «ዛፉን የሚጠብቅለት አንተ አለኸው። እኔንና ልጆቼን ማን ይጠብቀን?»

ሰላምታዬን እንኳ ረሳሁት። ወላሂ፣ ምን ይባላል? እቤት ዘሃራም የምታነደው አጥታ የተሰበረ በርጩማ ፈልጣ ነበር። ጠጋ አልሁና ምሳሩን ስጪኝ ብዬ ተቀበልኋት። የነጠቅኋት መስሏት አፈገፈገች። እኔ ግን ከሥሩ የጀመረችውን ትቼ ከጉልበት ከፍ አድርጌ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ሰያፍ አድርጌ ቆረጥሁላት፤ ከጎኑ አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ አስተረፍሁ። «እንዲህ ከቆረጥሽው ይመለሳል። ከሥሩ ከመታሽው ግን ለልጆችሽም አይቀር» አልኋት። እንጨቱን አሸክሜ ሸኘኋት።

ከዚያ በኋላ የኔ ሥራ ይኸው ሆነ። ዕድሜዬን ሙሉ ቅጠል ስጠብቅ ኖሬ አቆራረጥ አስተማሪ ሆንሁ። ብርኽቲ ያሳየኋትን ለጎረቤቶቿ አሳየች። አንዳንዱ ሰማ፣ አንዳንዱ አልሰማም። ክፉው ጊዜ ሲያልፍ ጎቦ ስራው ራሱን የተላጨ ሰው ሆኖ ነበር። ግን ብዙው ጉቶ አልሞተም።

ሰላም ሲሆን ሰው ተመለሰ። አመላለሱስ! ተለያይቶ የነበረ ቤተሰብ ተገናኝቶ፣ ያልተደገሰ ሠርግ ተደግሶ፣ ሁሉም ፎቶ የሚነሣው ጎቦ ስራው ላይ ነው። በሩ ላይ ቆሜ እንባና ሳቅ እየተቀላቀለ ሲገባ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ከየጉቶው ቀይ ቀይ ቀንበጥ ፈነዳ። እልል አልሁ። መስከረም ላይ ዞሬ ሳይ ግን ቀንበጡ ተረግጧል፣ ተቀምጠውበታል፣ ፍየልም ሰው በከፈተው መንገድ እየገባች ቀርጥፋዋለች። ሌላ አንድ ክረምት እንዲህ ካለፈ ጉቶው እንደገና ለመብቀል አቅም የለውም። ያን ጊዜ ገባኝ። ጎቦው መዘጋት አለበት።

የነገር መገላበጥ እዩልኝ። አቶ ተክላይ በሌላ ሰው ተተክተው፣ አዲሶቹ የቢሮው ወጣቶች «ሰው ብዙ ተሰቃይቷል፣ ይተንፍስበት፣ ክፍት ይሁን» ይላሉ። ዝጉ ብዬ የምጨቀጭቀው እኔ ሆንሁ። በመጨረሻ፣ በጎ ፈቃደኞቹ ካመኑበት እናንተው ወስኑ አሉኝ። ሳልወስን በፊት ግን አንድ ሰው ማየት ነበረብኝ።

አደይ ለታይ ሓድነት ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እግራቸው ከድቷቸዋል፤ ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጤንነት ተጠያይቀን ስንጨርስ የመጣሁበትን ነገርኋቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት።

«ዋእ! አንተ ነህ የምትዘጋው?»

«ቀንበጡ ተረገጠ፣ አደይ። ሁለት ክረምት ብቻ ቢያርፍ ነው።»

«ሰው የማይገባበትን ማን ይጠብቀዋል? በምን ትጠብቀዋለህ? በሽመል?»

«ሽቦ አናደርግም። ገመድ ብቻ ነው። ሰው ራሱ ይጠብቀዋል ብዬ ነው።»

«ካልጠበቀስ?»

«እኔ እንጃ፣ አደይ።»

ከዚያ እጄን ያዙኝ። «ስማ ሰይዶ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ይጠብቃል ስል ኖሬያለሁ። ሰው ግን የገባበትን፣ የተደሰተበትን ሲጠብቅ ነው ያየሁት። የማይገባበትን ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም። ዝጋው። ሰው ጥሎት ከሄደ ግን ያልሁህ ሁሉ ውሸት ነበር ማለት ነው፤ ያን ጊዜ መጥተህ ንገረኝ፤ እንዳትደብቀኝ።» ሓድነት ፌርማታ ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ ልቤ ከብዶኝ ቆምሁ። ጎቦውን ብቻ ሳይሆን የእሳቸውን ዕድሜ ጭምር ላስይዝ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

ዘጋነው። በበሩ ገመድ ወጠርን፤ ዙሪያውን ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ደረደርን። ለመጠበቅ ማን ይቆማል ስል መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ብርኽቲ ነበረች። «እኔ የቆረጥሁትን እኔ አሳድጋለሁ» አለች። ከእሷ ጋር ጥቂት ጎረቤቶቿ ተነሡ። ቅዳሜና እሑድ ተራ ወጣላቸው፤ ደመወዝ የሚባል የለም። እኔ ጡረታ የወጣሁት ከዚያ ብዙም ሳልቆይ ነው። ሽኝቱ ላይ ጋቢ አለበሱኝ፣ ንግግር ተደረገ፤ ሐሳቤ ግን ከገመዱ ጋር ነበር። የኔ እግር ሲወጣ ነገሩ ውሃ በላው ይባል ይሆናል እያልሁ ወደ ጎቦው ለመሄድ ፈራሁ። አደይ ለታይን በስልክ ሳገኛቸው፣ «እንታይ ይመስል?» ይሉኛል፤ ምን ይመስላል ማለታቸው ነው። አላየሁም እላለሁ። እሳቸውም ፈርቼ መሆኑን ያውቃሉ መሰለኝ፣ ሌላ አይጠይቁኝም።

ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ሲል፣ አንድ እሑድ፣ አልቻልሁም፤ ተነሥቼ ሄድሁ። በሩ ላይ ብርኽቲ ቆማለች፤ ለፀሐዩ ነጠላዋን ተከናንባ። ስታየኝ ሮጣ መጣችና ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ዘሃራን ጠየቀችኝ፣ ጉልበቴን ጠየቀችኝ፣ ስለ ጡረታ ጠየቀችኝ። ሰላምታው ሲያልቅ እጄን ገመዱ ላይ አድርጌ ላልፍ ጎንበስ አልሁ።

«ኣያ ሰይድ፣ አይቻልም።»

የቀለደች መሰለኝ። «እስከ መጀመሪያዋ መታጠፊያ ነው፤ ቀንበጡን አይቼ ልመለስ።»

«ቀንበጡ ደሓን ነው። አንተ ግን አትገባም።»

እውነቱን ልናገር፣ ተናደድሁ። «ብርኽቲ! ይህን ጎቦ እኮ እኔ ነኝ…» አልሁ፤ ድምፄም ከፍ አለ። ሰዎች ዘወር ብለው አዩኝ። ያኔ ነው ያስተዋልሁት። ከገመዱ ውጭ፣ በመንገዱ ዳር፣ ሰው ተቀምጧል። ምሳውን ይዞ የመጣ ቤተሰብ አለ፣ መጽሐፍ የዘረጉ ተማሪዎች አሉ፣ ጎቦውን ከሩቅ እያዩ የሚያወሩ ሽማግሌዎች አሉ። አንዲት ፍየል ኖራ ወደተቀባው ድንጋይ ስትጠጋ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሥቶ «እሽ!» አላትና ተመልሶ ተቀመጠ። ማንም አላዘዘውም። ከነሱ ኋላ ዳገቱ ላይ የስራው ግራር ከየጉቶው ወጥቶ እስከ ወገብ ደርሷል።

«ላንተ ከከፈትሁ ለማን እዘጋለሁ?» አለችኝ ብርኽቲ፣ በቀስታ። «አንተ ነህ ዝጉ ያልኸን።»

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ከሰዎቹ ጋር ተቀመጥሁ፤ ብርኽቲ ውሃ አምጥታ ሰጠችኝ፤ ያቺን ውሃ ጠጥቼ አልቅሻለሁ፤ አላፍርበትም። ከዚያ ሚኒባስ ይዤ በቀጥታ ሓድነት ወረድሁ።

አደይ ለታይ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ነበር። ፊቴን ሲያዩ ክፉ ወሬ ይዤ የመጣሁ መስሏቸው ለመነሣት ሞከሩ። «ንገረኝ» አሉ። «እንዳትደብቀኝ ብዬሃለሁ።»

«ሄጄ ነበር፣ አደይ። አላስገቡኝም።»

«ማንን?»

«እኔን። ገመዱን ላልፍ ስል ብርኽቲ ከለከለችኝ። ብለምን፣ ብቆጣ፣ እምቢ አለች።»

አዩኝ። ከዚያ ሳቁ፤ ትራሱ ላይ ወደ ኋላ ወድቀው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ልጃቸው ደንግጣ ከጓዳ መጣች። አደይ ለታይ በእጃቸው አረጋጓትና እኔን ወደሳቸው ሳብ አደረጉኝ።

«ምን አለችህ? ቃሏን፣ ቃሏን ንገረኝ።»

«‹ላንተ ከከፈትሁ ለማን እዘጋለሁ?› አለችኝ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ድገምልኝ፣ ዝወደይ» አሉ።

ደገምሁላቸው።